ሲሾም ያልተማረ ሲሻር ይቆጨዋል

«ይሄ አንቀጽ 14 የምትሉት የቱ ላይ ነው ያለው?»

ጥያቄው አጭር ነበር። የጠየቁት የበላይ ኃላፊያችን ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል፤ ይህን ሲያደርጉ ነገሩ እንዳላማራቸው ሁላችንም እናውቃለን። ፊታቸው ያለው ባለ 12 ገጽ ሪፖርት በእኔ ክፍል የተዘጋጀ፣ በእኔ ፊርማ የወጣ ነው። ገጽ 7 ላይ አንድ መመሪያ ይጠቅሳል፤ ቁጥሩም፣ ዓመተ ምሕረቱም፣ አንቀጹም በሥርዓቱ ተቀምጧል። ችግሩ፣ መመሪያው የለም። አልተሻረም፣ አልተሻሻለም፤ ድሮም አልነበረም።

ሪፖርቱን የጻፈችው በክፍላችን በዕድሜ ትንሿ ልጅ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ሥራውን ስታስረክበኝ «ጋሼ፣ ኤአይ ረድቶኛል፤ የተጠቀሱትን ነገሮች አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ኤአይ» ስትል የፊደል ግድፈት የሚያርም ነገር መስሎኝ፣ «ጎበዝ!» ብዬ ፈርሜ ሸኘኋት። ምን እንዳለችኝ የገባኝ እዚያ ስብሰባ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር። ኃላፊው «ማን ነው የጻፈው?» ሲሉ ዝም አልኩ። ዝም ብቻ ብል ጥሩ ነበር፤ ዓይኔን ወደ እሷ አዞርኩ። በሳምንቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ለእኔ ግን ምንም አልመጣም። ለነገሩ እኔ «አለቃ» ነኝ፤ 17 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ አራት የሥልጠና ሰርተፊኬቶች አሉኝ። የመጨረሻው ሰርተፊኬት የተጻፈበትን ዓመት ያየሁት ግን በዚያ ሰሞን ነው። አሥር ዓመት አልፎታል።

ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። የእኔ ዓይነት አለቃ በየቢሮው፣ በየድርጅቱ፣ በየትምህርት ቤቱ አለ። ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ የምታነቡ ወጣቶች ደግሞ ወይ የእኛ ዓይነት አለቃ አላችሁ፣ ወይ ነገ እናንተው አለቃ ትሆናላችሁ። ስለዚህ ነገሩ ይመለከታችኋል።

ማሽኑ አልዋሸም፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት

ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተለቀቀው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ያን ሰሞን የቢሯችን ወጣቶች ሲያወሩ እሰማ ነበር። «የልጆች ነገር ነው» ብዬ አለፍኩት። ከማስጠንቀቂያው በኋላ ግን ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማንበብ ጀመርኩ። ከሁሉ በፊት ያስደነገጠኝ፣ ነገሩ ለመረዳት የሚከብድ አለመሆኑ ነው።

እንዲህ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች እጅግ ብዙ ጽሑፍ «አንብበው» የሠለጠኑ ናቸው። ስንጠይቃቸው መዝገብ ቤት ገብተው ፋይል አያወጡም። እስካሁን ከተጻፈው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቁራጭ ቃል እየተነበዩ፣ አንዱን ካንዱ እየቀጠሉ ይሄዳሉ። የመመሪያ ቁጥር በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ የመመሪያ ቁጥር የሚመስል ነገር ያስቀምጣሉ። ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። አንዳንዴ ግን መልኩ ብቻ ልክ ነው። አንዳንዶቹ አሁን ኢንተርኔት ፈልገው ምንጭ እያሳዩ ይመልሳሉ፤ ያም ቢሆን ምንጩን ከፍቶ የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል።

አማርኛ ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። መሣሪያዎቹ የሠለጠኑበት ጽሑፍ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ በኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሌላም አለ። ኮምፒውተሮች በብዛት በሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በ1 ባይት ሲቀመጥ አንዱ የእኛ ሆሄ 3 ባይት ይፈልጋል። በዚህና በመሰል ምክንያቶች አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛው አቻው በበለጠ ብዙ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው ማሽኑ ውስጥ የሚገባው። ስለዚህ ስለ አንድ የአገራችን መመሪያ በአማርኛ ስንጠይቅ ማሽኑ ደካማ በሆነበት ሜዳ ላይ ነው የምናጫውተው። ይህን የሚያውቅ አለቃ «የተጠቀሰውን መመሪያ ፎቶ ኮፒ አምጪልኝ» ይላል። የማያውቅ አለቃ ይፈርማል።

እኔ ብቻ አይደለሁም እዚህ ወጥመድ ውስጥ የገባሁት። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ የሠራ ጠበቃ ለፍርድ ቤት በቀረበ ጽሑፍ ላይ ከቻትጂፒቲ ያገኛቸውን የቀድሞ ውሳኔዎች ጠቀሰ። መዝገቡ አንድ መንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ በምግብ ማቅረቢያ ጋሪ ጉልበቴን ተጎዳሁ ብሎ የከሰሰበት ተራ ጉዳይ ነበር። የተጠቀሱት ውሳኔዎች ግን የሉም። ጠበቃው ማሽኑን «እውነተኛ ናቸው ወይ?» ብሎ ጠይቆት ነበር፤ ማሽኑም «አዎ» አለው። በመጨረሻ ዳኛው በጠበቆቹና በድርጅታቸው ላይ 5,000 ዶላር ቅጣት ጣሉ። ዳኛው መሣሪያውን መጠቀም በራሱ ጥፋት ነው አላሉም። ጥፋቱ ሳያጣሩ ስማቸውን አስፍረው ማቅረባቸው ነው።

30 ዓመት ልምድ አላዳነውም። ልምድ የሚያድነው በለመድነው መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱ ሲቀየር ግን ልምዱም እንደገና መማር ይፈልጋል።

እንጦጦ ላይ ያለው ትምህርት ቤት

ቅዳሜ ሲሆን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስቼ ወደ እንጦጦ በእግሬ የመውጣት ልማድ አለኝ። የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ሐሳብ ሲበዛበት የት ይሄዳል? ሽቅብ ነዋ! ያን ሰሞን ስወጣ ባሕር ዛፉን ሳየው ሌላ ነገር መሰለኝ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን እንጦጦ ላይ አድርገው ነበር፤ ዘውድ የጫኑትም በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ በፊት በ1879 ዓ.ም. ከታች ፍል ውኃው አካባቢ አዲስ አበባ ተመሠረተች። ከተማዋ አደገች፤ ማገዶም፣ የቤት ቋሚም በላች። በዙሪያዋ ያለው ደን እየተመናመነ ሄዶ እንጨት ከሩቅ መምጣት ሲጀምር፣ መናገሻውን ወደ ምዕራብ፣ አሁን አዲስ ዓለም ወደምንለው ቦታ የማዛወር ሥራ ተጀመረ። ቤተ መንግሥት ጭምር መሠራት ጀምሮ ነበር።

ከተማዋን ቦታዋ ላይ ካቆሟት ነገሮች አንዱ ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶም ለቤትም ይደርሳል፤ ሲቆርጡት ደግሞ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ለዚያ ዘመን ይህ አዲስ ቴክኖሎጂ ነበር። መሪው የማያውቁትን ነገር «የፈረንጅ ነው» ብለው አልገፉትም፤ አስተከሉት። አዲስ አበባም መናገሻ ሆና ቀረች።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያልቅም። ዛፉ ውኃ እንደሚመጥጥና ከሥሩ ሌላ ተክል በቀላሉ እንደማያበቅል እየታየ መጣ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ከባሕር ዛፉ አብዛኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ እንደነበር፣ ነገር ግን ሳይፈጸም እንደቀረ ተመዝግቧል። ምን ያድርጉ? ከተማው ሁሉ በዛፉ ላይ ቆሟል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉን እየቀነሱ በጽድ፣ በኮሶ፣ በወይራ የመተካት ሥራ ይሠራል። ዛሬም ማለዳ ወደ ላይ ስትወጡ እናቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ጎንበስ ብለው ሲወርዱ ታገኛላችሁ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አዲስ ነገርን የሚፈራ መሪ ከተማ ያጣል። ሁለተኛ፣ አዲስ ነገርን አስገብቶ መማር ያቆመ መሪ ደግሞ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሥራ ያወርሳል። «አስገባነው፣ ጨረስን» የሚባል ነገር የለም። ከተተከለም በኋላ ምን እያደረገ እንደሆነ ማየትና መማር ያስፈልጋል። ኤአይም እንደዚያው ነው።

እዚያው ጋራ ላይ፣ ከባሕር 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት መረጃ ይቀበል የነበረው ጣቢያም እዚያው እንጦጦ ነው። ሳተላይቷ ስትሠራ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ከቻይናውያኑ ጎን ሆነው እየሠሩ ተምረዋል። አንድ ጋራ ላይ ጭራሮ የተሸከመች እናትና ከሰማይ መረጃ የሚቀበል ሳህን ጎን ለጎን። የእኛ አገር መሪ መምራት ያለበት ሁለቱንም ነው፤ ለዚህም ነው አንድ ጊዜ የተማረው የማይበቃው።

ሳይጠይቁ መፈረም ስንት ያስከፍላል?

የእኔ ስህተት አንዲት ልጅን ነው የጎዳው። ትልቅ ወንበር ላይ ያለ ሰው ሲሳሳት ግን ጉዳቱ በዚያው ልክ ነው።

ኔዘርላንድስ ውስጥ የግብር መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ ድጎማ የሚቀበሉ ቤተሰቦችን የሚመዝን ሲስተም ነበረው። ሲስተሙ «ይሄ ያጭበረብራል» የሚል ጥርጣሬ ለማስላት ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የአመልካቹ ዜግነት ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ያለ ጥፋታቸው አጭበርባሪ ተባሉ፤ ብዙ ገንዘብ መልሱ ተባሉ፤ በዕዳ የተዘፈቁ፣ ቤታቸው የፈረሰ ብዙ ናቸው። ጉዳዩ ሲጋለጥ እ.ኤ.አ. ጥር 2021 የማርክ ሩተ መንግሥት ሥልጣን ለቀቀ። በየደረጃው የነበሩት ኃላፊዎች «ይህ ማሽን የሚወስነው በምን ላይ ተመሥርቶ ነው?» ብለው በጊዜው ቢጠይቁ ኖሮ ስንት ቤተሰብ ይተርፍ ነበር!

ይህን ዓይነት ጥያቄ ለዓለም ካስተማሩት ሰዎች አንዷ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ ፊት አይቶ ጾታ የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎችን ሲስተሞች ፈተሹ። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ምክንያቱ ድብቅ አይደለም፤ ማሽኑ የተማረባቸውና የተፈተነባቸው ፎቶዎች በአብዛኛው የነጮች ነበሩ። ትምኒት በኋላ ጉግል ውስጥ የኤአይ ሥነ ምግባር ቡድን በጋራ መራች፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በአንድ የጥናት ጽሑፍ ሳቢያ ከኩባንያው ጋር ተለያየች፤ በዓመቱ የራሷን የምርምር ተቋም መሠረተች።

አሁን እዚህ ወደ የካ እንመለስ። አንድ ድርጅት የሠራተኛ መግቢያና መውጫ በፊት የሚለይ ማሽን ሊገዛ ነው እንበል። ሻጩ «99 በመቶ ትክክል ነው» ይላል። ሥራ አስኪያጁ አንድ ጥያቄ ማወቅ አለበት፦ «በማን ፊት ላይ ተፈትኖ?» ይህን ለመጠየቅ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም። ማንበብ ይበቃል። ካልጠየቀ ግን ጠዋት በሰዓቷ የገባች የጽዳት ሠራተኛ ማሽኑ አላውቅሽም ስላላት ብቻ ደመወዟ ይቆረጣል። አቤት ብትልም «ሲስተሙ ነው» ይሏታል።

«ሲስተሙ ነው» የሚለው ቃል የማይማር አለቃ መደበቂያ ነው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ መሰላችሁ።

ለአይቲ ክፍሉ መተው አይቻልም ወይ?

አንድ ጓደኛዬ «አለቃ ሁሉን ማወቅ አለበት እንዴ? አይቲ ክፍል ለምን ተቀጠረ?» አለኝ። ደህና ጥያቄ ነው። አለቃ ማሽኑን መጠገን የለበትም። መኪና የሚያሽከረክር ሰውም ሞተር መፍታት አይጠበቅበትም። ፍሬን ምን እንደሆነ ግን ማወቅ አለበት።

አይቲ ክፍሉ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ይላል። «ይገባል ወይ?» የሚለው የአለቃው ነው። የደንበኞችን ስምና ስልክ ውጭ አገር ባለ መተግበሪያ ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ ይገባል ወይ? አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ሠራተኛው ባያውቀው አለቃው ማወቅ አለበት፤ ሲጠየቅም ቀድሞ የሚጠየቀው ፊርማው ያለበት ሰው ነው።

ደግሞ ነገሩ እየፈጠነ ነው። የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ እየሠራ ነው፤ ብሔራዊ የኤአይ ፖሊሲው ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ሐምሌ 16፣ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ተጀመረ፤ ሥልጠናው በኦንላይን የሚሰጥ፣ ነፃ፣ ሰርተፊኬት ያለው ነው። ብዙዎቻችሁ ጀምራችሁታል፣ አንዳንዶቻችሁም ጨርሳችኋል። ግን እስኪ ንገሩኝ፣ ከአለቆቻችሁ ስንቶቹ ተመዘገቡ? ሠራተኛው ተምሮ አለቃው ካልተማረ፣ የተማረው ልጅ ሐሳብ ጠረጴዛ ላይ አቧራ ይጠጣል። ወይም እንደ እኔ ክፍል፣ የሚያጣራው ሰው በሌለበት ያልፋል። ሁለቱም ኪሳራ ነው።

እኔ ምን ጀመርኩ?

ትልቅ ነገር አልጠብቁ። የጀመርኩት በትንሽ በትንሹ ነው።

አንደኛ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ለትምህርት መደብኩ። ስልኩን ጸጥ አደርጋለሁ፣ በር እዘጋለሁ። አንድ ሰዓት የሌለው አለቃ የለም፤ ለስብሰባ ስንት ሰዓት እናቃጥል የለ!

ሁለተኛ፣ የማውቀውን ነገር ማሽኑን እጠይቀዋለሁ። ያደግኩበትን ሰፈር ታሪክ፣ የ17 ዓመት ሥራዬን ደንቦች። የት ላይ እንደሚሳሳት የማውቀው በማውቀው ነገር ስፈትነው ነው። እናንተም አሁኑኑ በስልካችሁ ሞክሩት፤ ስለ ሾላ ገበያ ወይም ስለ ሰፈራችሁ ጠይቁትና መልሱን ለእናታችሁ አንብቡላት። ከማሽኑ ይልቅ እሷ ታስቃችኋለች።

ሦስተኛ፣ ክፍላችን ውስጥ አንድ ደንብ አወጣን፦ ኤአይ የተጠቀመ ሰው ይናገራል፣ አይቀጣም። የተጠቀሰ ቁጥር፣ አዋጅ ወይም ስም ካለ ዋናው ሰነድ ተያይዞ ይመጣል። የሰው የግል መረጃ ደግሞ እዚያ ውስጥ አይገባም።

አራተኛ፣ «አላውቅም፣ አስረዱኝ» ማለት ለመድኩ። ይሄኛው ከሁሉም የከበደኝ ነው። አበው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። በእኛ ዘመን ካለመጠየቅም ይቀራል። ሃያ አራት ዓመት ልጅ ፊት «አልገባኝም» ማለት መጀመሪያ ቀን ላብ ላብ ብሎኛል። በሦስተኛው ቀን ግን የቢሮው አየር ሲቀየር አየሁት። ልጆቹም ያልገባቸውን መደበቅ ተዉ። ለካ ይደብቁ የነበረው ከእኔ ተምረው ነው።

ወጣቶች፣ ለእናንተም አንድ ነገር ላክል። አለቃችሁ ቴክኖሎጂ ሲጠፋበት መሳቅ ቀላል ነው። ግን ልጅቷ «አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ» እንዳለችኝ ሁሉ፣ ሥራችሁ ላይ ምን እንደተጠቀማችሁ በግልጽ ንገሩት፤ ካልገባው ደግማችሁ አሳዩት። ብዙዎቻችን መማር የጠላን ሳይሆን ያፈርን ነን። ደግሞም ዛሬ የምታውቁት በአምስት ዓመት ውስጥ ያረጃል። ያኔ እናንተም «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ተብላችሁ፣ የማታውቁት ነገር ጠረጴዛችሁ ላይ ተቀምጦ ፊርማ ይጠብቃችኋል።

ልጅቷስ? ለኃላፊያችን ደብዳቤ ጻፍኩ። በገዛ እጄ፣ ያለ ኤአይ። ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት እንዳጣራው እንደነገረችኝ፣ ያላጣራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ በስብሰባውም ላይ ዝም ማለት እንዳልነበረብኝ ገለጽኩ። ማስጠንቀቂያው ከእሷ ፋይል ወጥቶ ወደ እኔ ገባ። ይቅርታም ጠየቅኳት። «ኧረ ጋሼ፣ እኔም ራሴ ማጣራት ነበረብኝ» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ አሁን እሷ ናት የምታስተምረኝ፤ እኔ ደግሞ መመሪያ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ፣ መዝገብ ቤት ማንን መጠየቅ እንዳለባት አሳያታለሁ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ስንቱን አገር እንደጎዳ እናውቃለን። እኔ ትንሽ ቀይሬው ግድግዳዬ ላይ፣ ከድሮዎቹ ሰርተፊኬቶች ጎን ለጥፌዋለሁ፦ ሲሾም ያልተማረ ሲሻር ይቆጨዋል። ከሥሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬ ኮፒ አለ። ከአምስቱ ወረቀቶች ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው።